ወደ ቀኝ የሚስበው አንቶኖቭ

በካርሎቮ ከተማ ጋሽ ራንጌልን በስማቸው ብቻ የሚጠራ የለም። ዳቦ ሻጯም ቄሱም «ካፒቴን» ነው የሚሏቸው። ማን እንደጀመረው የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። ሚስታቸውን ሶፊያ ከተማ ቀብረው ወደዚህ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ፎቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ወጣቱ ራንጌል የአብራሪ ቆብ ደፍተው አንቶኖቭ 24 አውሮፕላን አጠገብ ቆመዋል። ክፈፉ ስላነሰ ፎቶው ከትከሻቸው ላይ ተቆርጧል።

ዘንድሮ የስማቸው ቀን፣ ስማቸው የወጣበት የሊቃነ መላእክት በዓል፣ ሲቃረብ አማቻቸው ኦግኒያን ስጦታውን አስቀድሞ አመጣ። ኦግኒያን ፕሎቭዲቭ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ትልቅ ስክሪን፣ የአውሮፕላን መሪ፣ ለሞተሩ ጉልበት መስጫ ማንሻ፣ በላዩም ቤት ተቀምጠው በኮምፒውተር የሚያበሩበት የበረራ ሲሙሌተር። የስጦታው ጣፋጭ ግን ሌላ ነበር፤ ብርኖ በምትባል የቼክ ከተማ የሚኖር አንድ ሰው ለሲሙሌተሩ የሠራው አሮጌ አንቶኖቭ 24፣ ቁልፎቹ ላይ ያለው ቀለም እንኳ እንደተላላጠ።

«በበዓሉ ለእንግዶቹ ያሳርፉላቸዋል» አለ ኦግኒያን።

ጋሽ ራንጌል ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር፤ ይሉኝታ ይዟቸው ተቀመጡ። ማንሻውን ከቀኝ አንስተው በግራ እጃቸው በኩል አደረጉት፤ በቀኝ የሻይ ብርጭቆዬን አስቀምጣለሁ አሉ። አንቶኖቩ በሰላም ተነሣ። ሲያርፍ ግን ከማኮብኮቢያው ወጥቶ በስተቀኝ ያለው ሣር ውስጥ ገባ። ደገሙት። አሁንም ቀኝ፣ አሁንም ሣር።

ኦግኒያን ጥፋቱን አውሮፕላኑ ላይ ፈለገ። ነፋሱን አጠፋ። መሪውን ፈትቶ አጸዳ፣ ኋላም በሌላ ቀየረው። የአውሮፕላኑን ፋይል ከፍቶ ሁለቱ ሞተሮች እኩል እንዲስቡ ቁጥሮቹን አስተካከለ፤ የጎማዎቹን ፍሬን ሳይቀር ነካካ። ራሱ ሞከረው፤ እየነጠረም ቢሆን መሐል ላይ አረፈ። ሽማግሌው ሲቀመጡ ደግሞ ያው ሣር።

ቢቸግረው ለብርኖው ሰው ጻፈለት። ሰውዬው ቅር እንዳለው ከመልሱ ያስታውቃል። ሌሎቹ ተጠቃሚዎች ያለ ችግር እያረፉ ነው አለ። ሁሉን የሠራው እንደ እውነተኛው ነው፤ የመሣሪያዎቹ መብራት፣ የሞተሩ ድምፅ፣ ግራው ወንበር የካፒቴኑ ቀኙ የረዳት አብራሪው ስለሆነ ሲሙሌተሩ ሲከፈት እይታው ከግራው ወንበር፣ የበሩ መንጠቆ ሳይቀር። አውሮፕላኑን ትተው ሰውየውን ሐኪም ቢያሳዩ ይሻላል ብሎ ዘጋ።

ኦግኒያን የመጨረሻውን ዘሎ አነበበላቸው።

«ተወው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ራንጌል። «የተበላሸሁት እኔ ነኝ። እርጅና ነው።»

ሽማግሌ እርጅናውን እንዲህ ሳይከራከር ሲቀበል ኦግኒያን አይቶ አያውቅም። አንጀቱን በሉት። ለሚስቱ ለስኔዣና ሲነግራት የልጅነት ግትርነቷ ተነሣ፤ አባቷ ባለፈው በእናቷ ስም እንደጠሯት፣ የጓሮውን ቧንቧ ክፍት ትተው እንደተኙ ትደረድር ጀመር። ይሄ ሰው መኪና እየነዳ ነው እኮ አለች።

ለስም ቀን እንግዳ አይጠራም፤ ሰዉ ራሱ ይመጣል፣ አትምጡ ማለትም ነውር ነው። በበዓሉ ዕለት ቤቱ ከእኩለ ቀን በፊት ሞላ። ስኔዣና ስክሪኑን በጠረጴዛ ልብስ ሸፍናው ነበር። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ስታሜን የራኪያ አረቄውን በአንድ እጁ እንደያዘ ገለጠው።

«ካፒቴን፣ አንዴ አሳርፉንና እንብላ።»

ወገቤን አሉ። መነጽሬ ጠፋብኝ አሉ፤ መነጽሩ ከገዛ ኪሳቸው ተገኘ። እንግዳ ሁሉ ከኋላቸው ቆሞ እያየ ተቀመጡ።

አንቶኖቩ ወደ ቀኝ ወጣ፣ ሣሩ ውስጥ ገባ፣ በክንፉም ተደፋ።

«ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ» አለ ስታሜን «ቦይ ውስጥ የገባሁት ሰክሬ ብቻ ነው።»

አንድ ሁለቱ ሳቁ፤ የሽማግሌውን ፊት ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡት። ጋሽ ራንጌል እስከ አንገታቸው ቀልተው እጆቻቸውን ያዩ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ስኔዣና በአባቷ አፈረች፤ በአባቷ በማፈሯም መልሳ በራሷ አፈረች። ኦግኒያን እንደምንም ሊያድናቸው ጎንበስ ብሎ፣ እይታውን ላስተካክልልዎ አላቸው።

«አትንካው» አሉ ጋሽ ራንጌል። ሲቆጡ የሰማቸው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

እንግዶቹ ሲወጡ ስኔዣና እጇን ዘረጋች።

«አባዬ፣ የመኪናውን ቁልፍ ስጠኝ። ነገ ከእኛ ጋር ትሄዳለህ። ሐኪም ያይሃል፣ ከዚያም እኛው ጋ ትኖራለህ። ራስህን ማስተዳደር አልቻልክም።»

ጭቅጭቅ ጠብቃ ነበር። ያን መኪና በየእሑዱ የሚያጥቡት ራሳቸው ናቸው፤ ከጓሮው የወይን ተክል ተለይተው አድረው አያውቁም። ጋሽ ራንጌል ግን ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩት።

«ልክ ነሽ፣ ልጄ። አእምሮዬ ደክሟል።»

ስኔዣና ኩሽና ገብታ አለቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት ባልና ሚስቱ ዕቃ ሲጭኑ፣ ኮምፒውተሩ ከመፈታቱ በፊት አንዴ ልሰናበተው ብለው ጋሽ ራንጌል ሳሎን ቀሩ። በሩን ዘጉ። ማንሻው በግራ እጃቸው በኩል እንዳለ ነው፤ በቀኝ የሻይ ብርጭቆ አልነበረም።

አንዲት ቁልፍ ተጭነው እይታውን ወደ ቀኙ፣ ወደ ረዳት አብራሪው ወንበር አዛወሩ፣ አንቶኖቩን ኮሽ ሳያደርጉ ነጩ መስመር ላይ አሳረፉ፣ ከዚያም እይታውን ወደ ካፒቴኑ ወንበር፣ ወደ ግራ መልሰው ሻንጣቸውን አነሡ።