የማንም ያልሆነ ደፍ

«ይግቡ እንጂ፣ ዶና ኤርሲሊያ» ትላለች እናቴ በሩ ላይ ቆማ።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ፣ ዶና ሮዛሪያ። እንደ ቤትዎ ይቁጠሩት» ይላሉ የወደፊት አማቴ፣ ከጎኗ ቆመው።

ቤቱ የሁለቱም አይደለም። ባለቤቱ አንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ፣ የሮማ ሀብታም ነው፤ ከሞተ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ይሆነዋል።

በፋሲካ ከተጫጨን ወዲህ አንዷ የሌላዋን ደፍ አልረገጠችም። እናቴ የሙሽራው እናት ቀድማ ወደ ሙሽራዋ ቤት ትመጣለች ትላለች። ዶና ኤርሲሊያ ደግሞ የሚኖሩት ናፖሊ፣ ኮረብታው ላይ ነው፤ ሰው ወደ እኔ ይወጣል እንጂ እኔ ወደ ሰው አልወርድም ይላሉ። ሁለቱም ይህ ካልሆነ ሰርግ የለም ብለዋል። ሰርጉ መስከረም ላይ ነው።

ስለዚህ እኔና እጮኛዬ ሳባቲኖ የማንም ያልሆነ ቤት ፈለግንላቸው። ኤርኮላኖ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል። እኛ ከላይ እንኖራለን፤ እሳተ ገሞራ የቀበረው የጥንቱ ከተማ ከመንገዳችን ሥር ተቆፍሮ ወጥቷል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ አንሶላ የምታሰጣው ከዚህ ቤት በላይ ነው፤ አንድም ቀን ግን ወርዳ አታውቅም። «ሳይጠሩኝ?» ትላለች።

ያላሰብነው ኬኩን ነው። በእኛ አገር እሑድ ቀን ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም። እናቴ በወረቀት የተጠቀለለ፣ በሪባን የታሰረ የኬክ ትሪ ከጀርባዋ ደብቃለች። የዶና ኤርሲሊያም ሻርፕ ሥር አራት ማዕዘን ያለው ነገር ተወጥሯል። ልማዱ ከኩራታቸው በልጧል። አሁን ግን ማን ይቀድማል? ኬክ የሰጠ እንግዳ ነው፤ የተቀበለ ባለቤት ነው።

በመጨረሻ አብረው ይገባሉ፤ ትሪያቸው እንዳይታይ ፊት ለፊት ተያይተው፣ በጎን በጎን፣ እንደ ሸርጣን።

ውስጥ ጠባቂው ዶን ካቴሎ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አንገቱ ላይ ፊሽካ አለ። እናቴ ዙሪያዋን ታያለች። በእጇ ካልታገዘች እንደ ልቧ አታወራም፤ እጆቿ ደግሞ ተይዘዋል።

«ጠፍተን እንጋባ» ይለኛል ሳባቲኖ በጆሮዬ።

«ኬኩ ይበላ መጀመሪያ» እለዋለሁ።

ዶና ኤርሲሊያ በአዳራሹ መሃል ካለው የውሃ ገንዳ ዳር ቆመው ሽቅብ ያያሉ። ጣሪያው ሰማይ ድረስ ክፍት ነው።

«አላስጠገኑትም።»

«ባል ሰነፍ ከሆነ ሚስት ብቻዋን ምን ታድርግ» ትላለች እናቴ።

ትንፋሼን እይዛለሁ። በአንድ ነገር ተስማሙ።

«የኛ ጣሪያ እንኳ ጤነኛ ነው» ይላሉ ዶና ኤርሲሊያ።

«የኛም አያፈስም። ታች ብንኖርም።»

ትንፋሼን እለቀዋለሁ።

ቀይ ግድግዳ ያለውን ሳሎን አልፈን፣ ከሰል የሆነውን አልጋ አልፈን፣ ኩሽናው ጋ እንደርሳለን። በሩ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ወዲያ ማዶ የድንጋይ ምድጃ አለ። ከምድጃው አጠገብ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ወጡን ሊያማስል በሚችልበት ርቀት፣ መሃሉ የተበሳ መቀመጫ።

«ያ ምንድን ነው?» ይላሉ ዶና ኤርሲሊያ።

ዶን ካቴሎ ተነስቶ ይመጣል። «ሽንት ቤት ነው፣ እሜቴ።»

«ኩሽናው ውስጥ?»

«የሀብታሞቹም ቤት እንዲሁ ነው። እጣቢውም ያኛውም በአንድ ቦይ ይወርዳል።»

ሁለቱም ወደ ገመዱ ይጠጋሉ። ከዚያ ሁለቱም እጃቸው ያስፈልጋቸዋል። እናቴ ሳታየው ትሪዋን ለዶን ካቴሎ ታስይዘዋለች። ዶና ኤርሲሊያም ሳያዩት በሌላኛው እጁ ላይ የራሳቸውን ያኖራሉ።

«ከምድጃው አጠገብ!» እናቴ ሁለት መዳፎቿን ወደ ሰማይ ትዘረጋለች።

«ሳሎኑን እንደዚያ አስቀብታ!»

«እንግዳ ጠርታ! ከዚህ አውጥታ አብልታ!»

«እኔ ልጄን ለዚህ ቤት አልሰጥም» ይላሉ ዶና ኤርሲሊያ።

«ከሰጡማ ምኑን እናት ሆኑ!»

ዶና ኤርሲሊያ እጃቸውን ቀስ ብለው ያወርዳሉ። «የእርስዎ ግን…»

«የኔ ምን?»

«ሽንት ቤቱ። በየት በኩል ነው?»

የሳባቲኖን ክንድ ጭምድድ አድርጌ እይዛለሁ። መስከረም ያለ ሰርግ ሲያልፍ ይታየኛል።

«ኮሪደሩ ጫፍ» ትላለች እናቴ፣ ቃሉን እየመዘነች። «ሁለት በር አለው። ካላመኑ መጥተው ይዩት።»

«መጥቼማ አያለሁ! ልጄ የሚበላበት ቤት ነው።»

«እኔም መጥቼ የእርስዎን አያለሁ! ልጄ የምትገባበት ቤት ነው።»

«ይምጡ! ቁም ሣጥኑን ሳይቀር ይክፈቱ!»

«ለጥየቃ አይደለም እንግዲህ» ትላለች እናቴ ጣቷን ቀስራ።

«ጥየቃ ማን አለ? ለቁጥጥር ነው።»

«ለቁጥጥር ከሆነማ ዛሬውኑ ይቻላል።» እናቴ በተከፈተው ጣሪያ በኩል ወደ ላይ ትጠቁማለች። እዚያ፣ ከጥንቱ ከተማ ግድግዳ በላይ፣ አንሶላዎቿ ንፋስ ይዟቸው ይውለበለባሉ። «ያው ቤቴ።»

«ንጹሕ ነው አንሶላው» ይላሉ ዶና ኤርሲሊያ፣ ዓይናቸውን አጥብበው።

«ግን አንዴ ይህን በደንብ እንየው።» እናቴ ገመዱን ከፍ ታደርጋለች። ዶና ኤርሲሊያ ክንዷን ይዘው ጎንበስ ብለው ያልፋሉ።

«እሜቴ! ክልክል ነው!» ዶን ካቴሎ አገጩን ወደ ፊሽካው ይዘረጋል፤ አይደርስም። ወደ እኛ ይዞራል። «ኧረ አንዳችሁ ተቀበሉኝ!»

እኔና ሳባቲኖ እጃችንን ኪሳችን ውስጥ እንከታለን።

ከኩሽናው የሁለት ሴቶች ድምፅ ባንድ ላይ ይመጣል፤ የማን እንደሆነ መለየት አልችልም። ዶን ካቴሎ በሁለት እጁ ትሪ ይዞ በሀብታሙ ኩሽና በር ላይ እንደ ባለቤት ቆሟል። ሪባኑ ላልቷል፤ ከወረቀቱ ስንጥቅ የስኳር ዱቄት ቀስ እያለ፣ ያለ ድምፅ፣ በጥንቱ ወለል ላይ ይወርዳል።