አራስ የማይተኛበት ቤት

ወንዞቹ ከተመረዙ በኋላ በወጣው ሕግ፣ ማንም ሰው የተጠቀመበትን አደገኛ ኬሚካል በገዛ ቤቱ ማኖር እንጂ ውጭ መጣል አይችልም። ወይዘሮ አጸደም ከፀጉር ቤታቸው የተረፋቸውን ማለስለሻና ቀለም ሁሉ በበርሜል አሽገው፣ የልጃቸው የሶስና መኝታ ቤት በነበረው ክፍል ደርድረውታል።

ሶስና የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ ሻንጣዋን ይዛ መጣች።

"እማዬ፣ አንቺው እንድታርሺኝ ነው የመጣሁት። ሳሎን እተኛለሁ።"

ወይዘሮ አጸደ ከበሩ ፈቀቅ አላሉም።

"ሽታውስ የት ይቀራል፣ የኔ ልጅ? እኔን እንኳ ጠዋት ጠዋት ራሴን ያዞረኛል።"

"ታዲያ ማን ሊያርሰኝ ነው?"

"አማትሽ" አሉ ወይዘሮ አጸደ።

ሶስና እያለቀሰች ተመለሰች። በወለደች በሳምንቷ ወይዘሮ አጸደ ገላቸውን ደጋግመው ታጥበው፣ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ሊጠይቋት ወደ አማቷ ቤት ሄዱ። ሶስና ደስ ብሏት ሕፃኑን አስታቀፈቻቸው። ወዲያው ግን፣ አራስ ነኝ ብርድ ይመታኛል ሳትል፣ ሳይታወቃት ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች።

ወይዘሮ አጸደ የልጅ ልጃቸውን ግንባር ሊስሙ ጎንበስ ብለው ነበር። ቀና አሉና ሕፃኑን ለአማትየዋ ሰጥተው፣ በሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ሄደው ተቀመጡ።