ድምፅ የማያሾልክ ክፍል

ሰላሀዲን ፈሪ ሰው ነው። ይህን ራሱም አይክድም። ሳውዲ ውስጥ፣ ደርብ ከተማ አጠገብ ባለ እርሻ ላይ አናጢ ሆኖ በሠራባቸው አራት ዓመታት፣ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ኪሱ ውስጥ ያለውን የመኖሪያ ፈቃድ ይዳብሳል። ኢቃማው ገና ስምንት ወር እንደሚቀረው ያውቃል፤ ግን ይዳብሳል።

በ1988 ዓ.ም. የእርሻው ሠራተኞች፣ ሁሉም የወሎ ሰዎች፣ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት መንዙማ እንበል ብለው ተማከሩ። «ድምፅ የማይወጣበት ክፍል ካልሠራሁ እኔ የለሁበትም» አለ ሰላሀዲን።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እዚያ አገር ድቤና ዜማ አይወደድም። ከጎረቤት እርሻ አራት ሰዎች በዚሁ ሰበብ ተይዘው ከነሥራ ልብሳቸው ወደ አገራቸው ተጭነዋል። ሰላሀዲን ከተጫነ ደግሞ ኮምቦልቻ ያሉት ሚስቱ ፈሪዳና ሦስት ልጆቹ የሚበሉት አይኖራቸውም።

አዲስ አበባ ሳለ የአንድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አዳራሽና መለማመጃ ክፍሎች ሲሠሩ ከመሐንዲሱ ጎን የማይለይ አናጢ ነበር። እዚያ የተማረውን አልረሳም። ለስላሳ ነገር የክፍሉን ማስተጋባት ይውጣል እንጂ ወደ ውጭ የሚሄደውን ድምፅ አያግድም፤ የሚያግደው ክብደት ነው። አየር የሚያልፍበት ሽንቁር ሁሉ ደግሞ ድምፅም ያሳልፋል።

ስለዚህ የአሮጌውን የመኖ መጋዘን ግድግዳ በአሸዋ ጆንያ ደረበው። የጣሪያውን ሥር በብርድ ልብስና በምንጣፍ ሸፈነ። የበሩን ዙሪያ በጎማ ቁራጭ አጠበቀ። በዚያ ሙቀት ግን አየር ከሌለ ሰው ታፍኖ ይሞታልና አንድ ቀዳዳ መተው ግድ ሆነ። መሐንዲሱ ያደርግ እንደነበረው፣ ድምፁ እየተጋጨ እንዲሞት ጠመዝማዛ የእንጨት ሳጥን ሠራለት። እንቅልፍ የነሳው ያ ቀዳዳ ነበር።

ውጭ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው አስፈለገ። ድቤውን መምታት የሚችለው ሰላሀዲን ብቻ ስለሆነ እሱ ሊወጣ አልቻለም። ሌሎቹም የዜማው ተቀባይ ናቸው።

«እኔ እቆማለሁ» አለ እንድሪስ።

እንድሪስ የሁሉም ታላቅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀን ከሌት ከሚጮኸው የውሃ ፓምፕ ሞተር ጎን ያልተለየ፣ ያን ሥራ ለማንም የማይሰጥ ሰው ነው። ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ከተናጋሪው ፊት ላይ አይነቅልም። እንዲህ ያለ አክብሮት ዛሬ የት ይገኛል ይሉታል።

በመጀመሪያው ዓርብ መንዙማው ሲያልቅ ሰላሀዲን ላቡን እየጠረገ ወጣ።

«ጋሼ፣ ምን ሰሙ?»

«ምንም።»

«ወላሂ በሉኝ።»

«ወላሂ ምንም አልሰማሁም።»

ሰላሀዲን ሳቀ። ሲስቅ ያዩት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ዓርብ ሙሐረም አርፍዶ መጣ። ሙሐረም ከየመን በጡዋል በኩል ድንበሩን በእግሩ ተሻግሮ የገባ፣ ወረቀት የሌለው ፍየል ጠባቂ ነው። እርሻው ላይ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። በሩን ሲከፍት ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከአስፋልቱ ላይ ይሰማል» አለ። «ድቤው ብቻ አይደለም። ቃሉም ይሰማል።»

ድቤው ከሰላሀዲን ጉልበት ላይ ወደቀ። ተግተልትለው ወጡ። እንድሪስ በሩ ሥር ቆሟል። ጠየቁት፤ አሁንም ማለ።

«በሩ ሥር ያለው ያልሰማውን አስፋልት ላይ ያለው እንዴት ይሰማዋል?» አለ መንዙማውን የሚያወጣው ኑሩ።

ሰላሀዲን ሌላ ሰው ድቤውን እንደ ምንም እየደበደበ እሱ ውጭ ቆሞ ሊያዳምጥ አሰበ። ግን ታላቅ ሰው ከማለ በኋላ መፈተን ነውር መሰለው። ተወው።

ረቡዕ ከቀትር በፊት የፖሊስ መኪና አጥሩ ጋ ሲደርስ ዝግ አለ። ከውስጥ አንድ እጅ ወጥቶ ወደ መጋዘኑ አመለከተ። መኪናው ሳይቆም አለፈ። ሰላሀዲን መዶሻውን ጥሎ ኪሱን ዳበሰ።

«መጋዘኑን ማን አሳያቸው?» አለ ኑሩ። «ወረቀት የሌለውን ሰው ይሄ ሁሉ ሹርጣ፣ ይሄ ሁሉ ፖሊስ ከጡዋል እዚህ ድረስ እንዴት ሳይዘው ቀረ? ለነሱ ቢሠራ ነው።»

ፍርሃት ሲበዛ እንዲህ ያለ ነገር እውነት ይመስላል። ሐሙስ ጠዋት የሙሐረምን ጨርቅ በፌስታል አድርገው ሰጡት።

«በአስፋልቱ ከሄድኩ ኬላው ላይ ይይዙኛል» አለ ሙሐረም። «ትንሽ ቀን ስጡኝ።»

«ኸላስ፣ ያላ» አለ ኑሩ።

ሙሐረም ሰላሀዲንን አየው። «እኔ የነገርኩት ለእናንተ ነው» አለና ሄደ።

ሰላሀዲን አፈረ። ተከትሎ ሊጠራው አንድ እርምጃ ሄዶ ፈሪዳና ልጆቹ ትዝ አሉት፤ ተመለሰ። ከቀትር በኋላ የውሃ ቦቴው ሾፌር፣ አንድ ሐበሻ ኬላው ላይ ሲያዝ ማየቱን ነገራቸው። ሰላሀዲን ምሳውን ትቶ ተነሳ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ በዚያው ልክ ተንፍሷል።

በማግስቱ ዓርብ እንደልባቸው አሉት። ነገር አመላላሹ የለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ እንድሪስ በር ላይ። ኑሩ ድምፁን ለቀቀው። ሰላሀዲን እጁ እስኪቃጠል መታ፤ ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ ኪሱን መዳበስ የረሳው ያን ሰዓት ብቻ ነው።

ሲጨርሱ በሩን ገፋ አድርጎ ከፈተው። እንድሪስ ፊቱን ወደ እሱ አድርጎ ቆሟል። ገና ሳይጠየቅ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ወላሂ ምንም አልሰማሁም» አለ።

ከጀርባው፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ የፖሊሱ መኪና ጥሩምባውን ሳያቋርጥ ይነፋ ነበር።