ከመርዶው በፊት የነበረችው ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ኦገስት 16 ቀን 2014፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ወንድሜ ንዋይ የጀልባውን ሞተር አጠፋ። ሸራው ነፋስ ሲይዝ ጀልባዋ ወደ ጎን ዘንበል አለችና የኦስሎን ፊዮርድ፣ ያን ረጅም የባሕር ሰርጥ፣ በዝምታ መሰንጠቅ ጀመረች።

«አሁን ስሚ» አለኝ። «ምን ይሰማሻል?»

«ምንም።»

«ይህን ምንም ለማሰማት ነው ሁለት ዓመት ሙሉ የለመንኩሽ፤ አንቺ ውኃ ፈሪ!»

እናታችን ከሞተች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ንዋይ አያውቅም። እኔም የሰማሁት በስህተት ነው፤ የአጎታችን ልጅ የተነገረኝ መስሎት ከደሴ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ ጻፈልኝ። እያለቀስኩ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ለጋሽ ተክሉ ደወልኩ።

«አንቺስ አንዴ ሰምተሻል» አሉኝ። «እሱን ግን ብቻሽን እንዳትነግሪው፤ መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። እሑድ ጠዋት ሰው ይዘን እንመጣለን። እስከዚያ ስልክም ፌስቡክም እንዳያይ አድርጊ።»

ትቬይታ ሰፈር ያለው ቤቱ ድረስ ሄጄ በጀልባህ ውሰደኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ስልኩንም፣ ውኃ እንዳይነካው ብዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሽሪምፕ ልጦ ዘረጋልኝ።

«ፍልሰታ ነው እኮ» አልኩት።

«ኔይ» አለ በኖርዌይኛ፣ አይደለም ለማለት። «ይሄ የባሕር አንበጣ ነው። አንበጣ ደግሞ መጥምቁ ዮሐንስም በልቷል።»

ከዚያ መሪውን አስያዘኝ። «አትታገዪው፤ ዝም ብለሽ ያዢው።»

እንጨቱ መዳፌ ውስጥ እንደ እንስሳ ተንቀጠቀጠ። ትንሽ ሳብ ሳደርገው ያ ሁሉ ሸራ፣ ያ ሁሉ ነፋስ ታዘዘኝ። ደሴቶቹ ቀስ ብለው ዞሩ። ውኃ ፊቴ ላይ ተረጨና ሳቅሁ። ሳቄ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እስከዚያች ሰከንድ ድረስ እናቴን ረስቻት ነበር።

ንዋይም እየሳቀ፣ «እማዬ ይህን ማየት አለባት» አለ። «ስልኬን አምጪው፣ በቪዲዮ እንደውልላት።»

«ኔትወርክ የለም።»

«ኦስሎ ላይ? ቀልደኛ!» እጁን ወደ ቦርሳዬ ሰደደ።

ቀደምኩት። ስልኩን አወጣሁ፤ የማቀብለው መስዬ በጀልባው ጠርዝ በኩል ዘረጋሁና ጣቶቼን ከፈትኩ።

ንዋይ ውኃውን አየ። እኔን አየ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ እንዲቆጣም ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ድሮም አንቺና ዕቃ! ግድ የለም፣ ነገ ከቅዳሴ መልስ በአንቺ ስልክ እንደውልላታለን።»

«ያ» አልኩት እኔም በኖርዌይኛ፣ እሺ ለማለት። «ነገ።»

ያን ሌሊት እሱ ቤት አደርኩ። እሑድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ንዋይ ሲከፍት ጋሽ ተክሉ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ደረጃውን ሞልተውታል። ማንም አፉን ሳይከፍት ንዋይ ወደ እኔ ዞረ።

«ትናንት ታውቂ ነበር» አለኝ።

የእናታችንን አርባ እሱ ትቬይታ ቤቱ፣ እኔ ቶየን ቤቴ፣ ለየብቻችን አወጣን።