አንድ ብቻ ይምረጡ

«ምንድን ነሽ ይላል» አለ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ኤርሚያስ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ።

«በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ» አለች ጣይባ።

«እሱንማ ሞላሁልሽ። ብሔርሽን ነው።»

ጣይባ የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። አባቷ አማራ፣ እናቷ አርጎባ ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ግን ይህን ጠይቋት የሚያውቅ አልነበረም። ሁለቱንም እንዲመርጥላት ለመነችው። ሞከረ፤ ገጹ ቀልቶ «አንድ ብቻ ይምረጡ» አለ። ባዶውን ሲተወውም አላሳልፍ አለ። የሥራው ምዝገባ የሚዘጋው ዛሬ ነው፤ የሸዋ ሮቢት መብራት ደግሞ አይታመንም።

«የአባትሽን በይና ተገላገይ» አለ ኤርሚያስ እየሳቀ። «ልጅ የሚቆጠረው በአባቱ አይደል? እናትሽ እንደሆኑ አይቀየሙሽም።»

«እሺ» አለች፣ በቅጡ በማይሰማ ድምፅ።

መመዝገቧ እንደተረጋገጠ፣ ምሥራቹን ለእናቷ ልትነግር በዚያ ሙቀት እየተጣደፈች ሄደች። እናቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

«እማ፣ ተመዘገብኩ» አለቻት።

እናቷ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ዞር ብላ ከኋላዋ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ተመለከተች።

«እማ፣ እኔ እኮ ነኝ። ጣይባ።»

«ጥሩ ስም ነው» አለች እናቷ በትሕትና። «እኔም ሴት ልጅ ብወልድ ጣይባ ነበር የምላት። አላህ ሳይለው ቀረ። ይቀመጡ እስቲ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው።»

ተነሥታም ለመንገደኛ እንደሚደረገው በርጩማ አወጣችላት፤ ውሃም ቀዳችላት።