ሰማያዊው ሳህን

ባሕሩ የአፋርን ሜዳ እየዋጠ ወደ ላይ መግፋት ከጀመረ ወዲህ፣ በዳርቻው አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሌሊት ማደር ክልክል ነው። ጎህ ሲቀድ ሁሉም መኪና ላይ የተሠራውን ቤቱን እየነዳ ይነሳል። ማደሪያው ግን በነጻ ነው፤ ውኃውም መብራቱም።

የሺመቤት ኑሮውን አልጠላችውም። ነፋሱ ደስ ይላል፣ ባሏ ባንትይርጉም መሪ ከጨበጠ ወዲህ ወጣት ሆኗል። ያስቸገራት ሳህን ነው። በየማደሪያው አንዷ ጎረቤት "ቅመሱልኝ" ብላ ታመጣለች። የሰው ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር ነው ተብላ ያደገችው የሺመቤት የሆነ ነገር ሠርታ፣ ሞልታ ጠዋት ስትወጣ ጎረቤቷ ሄዳለች። መኪናው በታጠፈ ቁጥር በሰው ሳህን የተሞላው ብፌ ይንቃጨላል።

"የሳህን ነጋዴ አደረግሽኝ እኮ!" ይላል ባንትይርጉ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ማደሪያው ሲደርሱ ብርቱካናማ መጋረጃ ያላት መኪና ቆማ አየች።

"የሰማያዊው ሳህን ባለቤት!" ብላ ጮኸች። ወዲያው ቦምቦሊኖ ጠብሳ፣ ሳህኑን ሞልታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሮጠች።

ሴትየዋ በሩን ከፍታ ሳህኑን ስታይ ሳቋ መጣ።

"ውይ እናቴ፣ የእኔ እኮ አይደለም! እኔም ላመጣችልኝ ሴት ልመልስ ሞልቼ ስወጣ ሄዳለች። ምግቡ ከሚበላሽ ብዬ ነው ለአንቺ ያመጣሁት።"

ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። የሺመቤት ሳህኑን አየችው። የጠርዙ ቀለም በእጥበት ብዛት ለቋል። "ነገ ቁርስ እኛ ጋ ነይ" ልትል አፏን ከፈተችና ሕጉ ትዝ አላት።

"በይ፣ ሳይቀዘቅዝ ብዪ" አለችና ሳህኑን አቀበለቻት።