ማን ረዳሽ?

ገብረእግዚአብሔር የአማርኛ አስተማሪ ነው። ቡታጅራ ከመጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የመጣ ሰሞን ደወል ተደውሎ እንኳን ተማሪ ከቦት ስለ ግጥም ያወራ ነበር ይላሉ። አሁን ደወል ሲደወል ይገባል፣ ሲደወል ይወጣል። የሚያስተምራቸው ክፍሎች ብዙ ናቸው፤ በየክፍሉ የታጨቀው ተማሪም ብዙ ነው። ወረቀታቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ በባጃጅ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ሰኞ ታርሞ ይመለሳል።

የዓመቱ መጨረሻ ሥራ “በዚህ ዓመት ስለ መጻፍ ምን ተማርኩ?” የሚል ነበር። የቋንቋ ክፍሉ ተጠሪ ግሩም፣ ለወላጆች ቀን የሚነበብ ጥሩ ጽሑፍ ከየአስተማሪው ጠየቀ።

“ነገ ጠዋት እፈልገዋለሁ” አለው።

ስለዚህ ገብረእግዚአብሔር ከሰዓት በኋላ መምህራን ክፍል ቁጭ ብሎ ወረቀቶቹን ማገላበጥ ያዘ። እንዲህ ተቀምጦ የተማሪ ጽሑፍ ካነበበ ቆይቷል። አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እያዛጋ አለፋቸው። አንዱ ላይ ሲደርስ ማዛጋቱን ተወ።

“ደክሞኛል” ይላል ጽሑፉ ሲጀምር። “ይህን የምጽፈው በርበሬ ሲቀነጥስ በዋለ እጅ ነው። ዓይኔን ማሸት ስለማልችል እንቅልፌ ሲመጣ ራሴን እነቀንቃለሁ። መስከረም ላይ ቢሆን ይህን አልጽፈውም ነበር። መስከረም ላይ ጽሑፍ ማለት ከሰው አፍ የተዋሱት ትልቅ ቃል ይመስለኝ ነበር።”

ደግሞ አነበበው። ስሙን አየ። ሳቢሪን ሸረፋ ይላል። መልኳን ለማስታወስ ሞከረ፤ አልመጣለትም። አስጠራት።

ቀጭን ልጅ ናት። ገና ከበሩ ስትገባ የበርበሬው ሽታ አስነጠሰው።

“ይሄን ማን ጻፈልሽ?”

“እኔ ነኝ ቲቸር።”

“ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወንድም አለሽ እንዴ?”

“ሙሀመድአወል? ወልቂጤ ነው ያለው። እሱማ ማመልከቻ እንኳን ሲያስፈልገው ለእኔ ነው የሚደውለው።”

“ከስልክ ነዋ! ዘንድሮ ስልኩ ራሱ ይጽፋል አይደል?”

“የእኔ ስልክ መደወሉም በግድ ነው።”

ገብረእግዚአብሔር ግንባሩን አሸ። “ስሚኝ። የሰው ሥራ ያቀረበ ዜሮ ነው የሚያገኘው። ዜሮ ካገኘሽ ደግሞ ክፍል ትደግሚያለሽ።”

“ከደገምኩ ትምህርቱ ይቀራል” አለች ቀስ ብላ። “ቆሼ ከተማ አክስቴ ሱቅ ትገቢያለሽ ተብያለሁ።”

“እንግዲያው እውነቱን ንገሪኝ። ማን ረዳሽ?”

ሳቢሪን አቀረቀረች።

“የረዳኝ ሰውማ አለ” አለች።

ደስ አላለውም፤ ድካሙ ብቻ ጨመረበት። “ይኸው” አለ። “ማነው?”

“እርስዎ።”

ቀና ብሎ አያት።

“በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ ‘ይህን ተረት ሁሉም ያወራዋል፤ አንቺ የራስሽን ቤት ንገሪኝ’ ብለው ጻፉልኝ። ተናድጄ አለቀስኩ። እኛ ቤት የሚወራው መስቃንኛ ነው፤ አማርኛዬ እንዳያስቅብኝ ነበር በተረት የምሸፍነው። ቀጥሎ ‘በጣም የሚለውን ሁሉ ሰርዢና የሚቀረውን እዪው’ አሉኝ። ሰረዝኩ። ረመዳን ላይ ደግሞ ግማሽ ገጽ ብቻ ጻፍኩ። ማርክ ይቀንሱብኛል ስል፣ ‘ዛሬ ደክሞሻል፤ ስለ ድካሙ ጻፊ’ ብለው መለሱልኝ። ክፍል ውስጥ ስሜን ጠርተውት አያውቁም። ግን እንደ እርስዎ ያነበበኝ ሰው የለም።”

ገብረእግዚአብሔር ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሳ።

“ረስተውት ነው ቲቸር?”

“ተማሪው ብዙ ነው” አለ።

ከመሳቢያው ባዶ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። “እዚሁ ቁጭ በይና ጻፊ።”

“ስለ ምን?”

“ስለፈለግሽው።”

ጻፈች። እሱ በመስኮት የዘቢዳርን ተራራ ያይ ጀመር። ጭጋጉ ግማሹን ሸፍኖታል። ወደ ወረቀቱ ማየት የፈራ ይመስል ነበር። ስትጨርስ ተቀብሏት ቆሞ አነበበ።

“እናቴ ማንበብ አትችልም” ይላል። “ታርሞ የመጣውን ወረቀቴን ግን አገላብጣ ሳታይ አትተኛም። በዳር በዳሩ ቀይ ጽሑፍ ከበዛበት ደስ ይላታል። ‘አስተማሪሽ ዛሬም ብዙ አጫወተሽ’ ትለኛለች። ቀይ ጽሑፍ ስህተት ማለት ነው ብዬ ነግሬአት ነበር። አላመነችኝም። አሁን እኔም እንደሷ አላምንም።”

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። በሁለቱም ጽሑፎች ላይ እያየችው ሙሉ ማርክ ጻፈ።

“የወላጆች ቀን አንቺ ነሽ የምታነቢው” አለ። “እናትሽም ትምጣ።”

“ትመጣለች! አንድ ቀን ሄጄ እጁን ስሜ ባመሰገንኩት ትላለች።”

“በይ ሂጂ አሁን” አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

የዚያን ቀን ባጃጅ አልያዘም። ከረጢቱን ትከሻው ላይ አድርጎ በጭቃው መንገድ በእግሩ ሄደ። ሁለት ቦታ ላይ ቆሞ አረፈ። ሰላም ያሉትን ሰዎች ልብ አላላቸውም።

ቤት ሲደርስ ባለቤቱ እሌኒ ጠረጴዛውን ጠርጋ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቀው ነበር። “ምነው ዘገየህ?” አለችው ከረጢቱን ከትከሻው እየተቀበለች፤ “በል መጀመሪያ የሳቢሪንን ፈልግልኝ።”